ፈቃዱ በወዲህ፣ እጁ በወዲያ

በግዛታችን የጥርስ አቃኚ ሐኪሞች ማኅበር ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት መምህር ነበርኩ። ስለዚህ የማይሰሙ ልጆችንም የማይሰሙ ሐኪሞችንም ጠንቅቄ አውቃለሁ። ከሁለቱ ማን ይብሳል ለሚለኝ፣ ልጆቹ ቢያንስ «ወላጅ ይዛችሁ ኑ» ሲባሉ ይደነግጣሉ እላለሁ። የዛሬው ጽሑፌ ግን ለቀልድ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያየሁት ነገር እኔን ራሴን ከተኛሁበት ስላነቃኝ፣ ሌላውንም ያነቃው እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው።

ወሩ መጋቢት ነበር። ዶክተር ኤልስዎርዝ ፔቲትን በመኪናዬ ይዤ ወደ ማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ እየሄድን ነበር። ዶክተር ፔቲት የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው። ብራይስ ላንዲንግ በምትባለው፣ ግዛታችንን ከጎረቤቱ በሚለየው ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን አርባ ሦስት ዓመት የልጆች ጥርስ አቃንተዋል። በዙሪያው ባሉት ሦስት አውራጃዎች ውስጥ ከእሳቸው በቀር ይህን ሙያ የያዘ ሰው የለም። ዛሬ የሰርግ ፎቶግራፍ ላይ ጥርሱን አሳይቶ የሚስቅ የአካባቢያችን ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው ማለት ይቻላል። ዓይኔ ደከመ ብለው መኪና መንዳት ካቆሙ ሰንብተዋል።

የዕለቱ አጀንዳ አንድ ነበር። በአገራችን የሐኪም የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ግዛት ነው፤ ግዛቱ ያለቀበት ቦታ ላይ ፈቃዱም ያልቃል። አሁን ግን በርካታ ግዛቶች ተስማምተው፣ በአንዱ የተፈቀደለት ሐኪም በሌላውም እንዲሠራ የሚያደርግ ውል አዘጋጅተዋል። ማኅበራችን ግዛታችን ወደዚህ ስምምነት ይግባ ይላል ወይስ አይግባ? ጥያቄው ይህ ነበር። አይግባ የሚለውን ወገን ወክለው የሚናገሩት ዶክተር ፔቲት ናቸው። ስምንት ገጽ ንግግራቸው በደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። በጽሕፈት መኪና የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ስጽፈውም ልክ ናቸው ብዬ ነበር።

ከድልድዩ አጠገብ ስንደርስ የጭነት ባቡር ወደ ጉባኤው የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ቆሟል፤ ወደ ድልድዩ የሚወስደው ብቻ ክፍት ነበር። እዚህ የሚኖር ሰው እንደሚያውቀው፣ የቆመ ባቡር መቼ እንደሚነቃነቅ ሾፌሩም አያውቅም። ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ስለነበር አልተጨነቅንም። በድልድዩ ግርጌ ወዳለችው ቁርስ ቤት ገባን።

ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተቀምጣለች፤ ቀኝ ጉንጯ አብጦ ቀልቷል። ፊት ለፊቷ አንዲት ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ አፏ ውስጥ ትመለከታለች። ልጅቷ ራሷ የስልኳን መብራት አብርታ ወደ አፏ ይዛለች። የገረመኝ የሴትየዋ አቋም ነው። ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ ይዛቸዋለች።

«ይህች ሴት ሐኪም ናት» አሉ ዶክተር ፔቲት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው።

«በምን አወቁ?»

«የምታየውን አታይም? ወላጅ ጥርስ ጥርሱን ያያል፤ እሷ የምታየው የጥርስ ማቃኛውን ሽቦ ነው። ጠጋ እንበል።»

ጠጋ አልን። ሴትየዋ ቀና ብላ ስታያቸው ወዲያው አወቀቻቸው።

«ዶክተር ፔቲት ነዎት አይደል? በማኅበሩ መጽሔት ላይ የጻፉትን አንብቤያለሁ። ኬንድራ ሎውሪ እባላለሁ። ወዲያ ማዶ፣ ማርተን ከተማ ነው የምሠራው። ስምንት ዓመቴ ነው።»

«ጥርስ አቃኚ?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ጽሑፌስ እንዴት ነበር?»

«አጻጻፉ ያምራል» አለች ፈገግ ብላ። «ሐሳቡን ግን አንድ ቦታ እንኳን አልተስማማሁበትም።»

ዶክተር ፔቲት ሳቁ። ተከራካሪ ይወዳሉ፤ በተለይ የሚረቱት ከመሰላቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ የቡና ማንቆርቆሪያዋን ይዛ መጣች። የልጅቷ እናት ናት፤ ትሪና ትባላለች። ዶክተር ፔቲትን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እርስዎ ነዎት? እኔ እኮ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ደውያለሁ፣ ዶክተር። ጸሐፊዎ "ሌላ ሰው የጀመረውን አይቀበሉም" አለችኝ።»

«ደንቤ ነው፣ ልጄ» አሉ ዶክተር ፔቲት፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ ዝቅ አለ። «የሌላ ሰው ሥራ መሃል ላይ ሲደርስ መረከብ ጥሩ አይደለም። ሲበላሽ ማን አበላሸው እንደሚባል አይታወቅም።»

ይህ የእሳቸው ብቻ ደንብ እንዳልሆነ ለአንባቢ መንገር አለብኝ። በሙያችን ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። ልብስ ሰፊ ሌላ ሰፊ የቆረጠውን ጨርቅ እንደማይወድ፣ ጥርስ አቃኚም ሌላው ያሰረውን ሽቦ አይወድም። ከጨርቁ የሚለየው ግን፣ ሽቦው ያለው በልጅ አፍ ውስጥ መሆኑ ነው።

«ማን ነው የጀመረላት?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አለች ዶክተር ሎውሪ። «ጆሊን ወዲያ ማዶ ትኖር በነበረ ጊዜ። አሥር ወር ሠራሁላት። ከዚያ እናቷ እዚህ ሥራ አግኝታ ተሻገሩ። የልጆች የመንግሥት የጤና መድን ደግሞ ድልድይ አይሻገርም። እኔ ጋ ብትመጣ መድኗ አይከፍልም። በነፃ ልሥራላት ብል እናቷ ከሥራዋ ወጥታ ሩቁ ክሊኒኬ ድረስ ልታመጣት አልቻለችም። እኔ እዚህ መጥቼ እንዳልሠራላት ፈቃድ የለኝም። እዚህ ያሉት ብቸኛው ሐኪም ደግሞ» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

«እኔ ነኝ፤ ተናገሪው» አሉ ዶክተር ፔቲት። «ታዲያ ለምን ፈቃድ አታወጪም? ብቁ ከሆንሽ ማን ከለከለሽ?»

«አመልክቻለሁ። ሰባት ወር ሆነኝ። አሁን የቀረኝ የተግባር ፈተናው ነው። ጥርስ ቦርቡሬ እንድሞላ ይፈልጋሉ።»

«ምን አለበት? ጥርስ መሙላት ያቅተሻል?»

«እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ ጥርስ የሞሉት መቼ ነው፣ ዶክተር?»

ዶክተር ፔቲት አሰቡ። «አርባ ዓመት አልፎኛል።»

«እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ሕይወቴን ሙሉ ጥርስ ላሰልፍ ነው የተማርኩት። ያንን የሚፈትነኝ የለም። የሚፈትኑኝ የተውኩትን ነው። አናጢን ልቅጠርህ ብለው ብረት እንዲበይድ ይፈትኑታል እንዴ?»

እኔ ሳልወድ በግድ ሳቄ መጣ። ዶክተር ፔቲት ግን አልተቀየሙም።

«ፈተና ለተማረ ሰው አይከብድም» አሉ። «የእኛ ጊዜውን ብታዪ ምን ልትይ ነው! ዛሬ የምትፈተኑት በፕላስቲክ ጭንቅላት ላይ ነው። እኛ ያኔ በሕይወት ያለ ሰው ይዘን ነበር የምንቀርበው። ያውም ማንንም ሳይሆን፣ ልክ ፈታኞቹ የሚፈልጉትን ያህል የተበላ ጥርስ ያለውን ሰው። ከበዛም አይሆን፣ ካነሰም አይሆን። ተማሪው ሁሉ ወደ ፈተና ሲቃረብ የሰው አፍ እየለቀመ ይዞር ነበር።»

ይህን ወሬ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ በእራት ግብዣ ላይ ይናገሩታል፤ አዳራሹም በየዓመቱ ይስቃል።

«እኔ በጥር ወር አንድ ሌስተር የሚባል ጣሪያ ሠሪ አገኘሁ። ጥርሱ ለፈተና የተሠራ ነበር የሚመስለው! ፈተናው ግን በግንቦት ነው። "ሌስተር፣ እባክህ እስከዚያ ማንም እንዳይነካልህ" አልኩት። እሺ አለኝ። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጎበኘው ነበር፣ እንደሚደለብ በግ። በግንቦት ይዤው ስቀርብ ፈታኙ አየና "ይሄማ አልፏል፣ ነርቩ ጋ ደርሷል፣ ሌላ ሰው አምጣ" አይለኝም! በኮሪደር እየሮጥኩ ስለምን፣ የአንድ አብሮኝ የሚፈተን ጓደኛዬን ወንድም አገኘሁ። እሱን ሞልቼ አለፍኩ!»

ይስቃሉ ብለው ጠበቁ። ዶክተር ሎውሪ አልሳቀችም። በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«የሌስተር ጥርስስ?»

«እ?»

«ጥርሱ ምን ሆነ?»

ይህን ወሬ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ ሲጠየቁ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

«ተነቀለ» አሉ በመጨረሻ። «መነቀል ነበረበት።»

«በጥር ቢሞላ ይድን ነበር?»

«ይድን ነበር።»

«እንግዲህ ዶክተር፣ ፈተናው በሽተኛውን ለመጠበቅ ነው የተሠራው ብለው ጽፈዋል። ሌስተርን ከማን ጠበቀው?»

ዶክተር ፔቲት ግን በአንድ ምት የሚወድቁ ሰው አይደሉም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ሞኝ ባይሆኑም ወረቀቱን ይዘዋል።

«መልካም፤ ፈተናው ጉድለት ይኑረው እንበል። አጥር ግን ያስፈልጋል። አጥር የሚታጠረው ጎረቤትን ለመጥላት አይደለም፤ ከብት እንዳይገባ ነው።»

«እኔ እንግዲህ ከብቱ ነኝ ማለት ነው?»

«ኧረ አንቺን አላልኩም!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ከበደ። «ስሚ፣ ልጄ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ከሌላ ግዛት አንድ ሰው መጥቶ አጠገባችን ክሊኒክ ከፈተ። ጥርስ ቶሎ አቃናለሁ ብሎ የስድስት ልጆች ጥርስ ሥሩ እስኪያልቅ ጎተተው። አንዲቷ ልጅ ፖም ስትገምጥ የፊት ጥርሷ ተነቅሎ ወጣ። ያመጧት እኔ ጋ ነው። ሰውየው ለካ ከመጣበትም ተባርሮ ነበር። በሩን ክፈቱ ስትሉኝ የማየው ያችን ልጅ ነው።»

እውነተኛ ኀዘን ነበር በድምፃቸው ውስጥ። ዶክተር ሎውሪም ይህን አክብራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«እንዴት ገባ ታዲያ? ያኔ አጥሩ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ፈተናውን አልፎ ነበር?»

«አልፎ ነበር።»

«እንግዲያው አጥሩ አላገደውም። ሊያግደው ይችል የነበረው የተባረረበት ግዛት መዝገብ ነው። እሱን ደግሞ እዚህ ያየው ሰው የለም፤ ግዛቶቹ አይነጋገሩማ። ስምምነቱ የሚለው እኮ ይህንኑ ነው። አንዱ ግዛት የቀጣውን ሰው ሁሉም በዚያው ቀን ያውቃል፤ አንዱ ጋ ፈቃዱ ከታገደ ሁሉም ጋ ይታገዳል። ሐኪሙም የሚተዳደረው በሽተኛው በተቀመጠበት ግዛት ሕግ ነው። እርስዎ የሚፈሩትን ሰው የሚይዘው ይሄ ነው። አሁን ያለው አጥር የሚይዘው ደንብ የሚያከብረውን ብቻ ነው።»

«ኩባንያዎቹስ?» አሉ ዶክተር ፔቲት፤ አሁን በክርክር ሳይሆን በጭንቀት ነበር የሚናገሩት። «ባለ ብዙ ቅርንጫፎቹ? ከሩቅ ሐኪም በሳምንት አንድ ቀን ያመጣሉ። ያስራል፣ ይሄዳል። የእኛ ሥራ ጥርስ እንደ መንቀል አይደለም፤ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ያሰረው ሰው ከጠፋ ልጁ ሽቦውን ተሸክሞ ይቀራል።»

«እዚህ ላይ እውነት አለዎት» አለች ዶክተር ሎውሪ።

ይህን ስትል ወደድኳት። በጉባኤዎቻችን ላይ ሰው ለተቃዋሚው «እውነት አለህ» ሲል የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው።

«ስምምነቱ ውስጥ ይህ በደንብ አልተጻፈም፤ ቢጻፍ እደግፋለሁ። በስምምነቱ የሚገባ ጥርስ አቃኚ፣ የጀመረውን እሱ ባይጨርስ ማን እንደሚጨርስለት አስቀድሞ ያስመዝግብ። ግን ዶክተር፣ ሽቦዋን ተሸክማ የቀረች ልጅ ካሉ፣ አጠገብዎ ተቀምጣለች። ይህችን ያስቀራት ኩባንያ አይደለም። የእኔ ፈቃድ ማጣትና የእርስዎ ደንብ ነው።»

ጆሊን እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የፓንኬኳን ጠርዝ በሹካ እየቆራረሰች ነበር። እናቷ «ትንሽ ቅመሺ እንጂ፣ ጆ» ስትላት አንዲት ቁራሽ ወደ አፏ አገባች። ወዲያው ጮኸች። ጉንጯን ይዛ ተንሰፈሰፈች፤ በከንፈሯ ጥግ ደም ታየ።

«የኋለኛው ሽቦ ከቤቱ ወጥቶ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል» አለች ዶክተር ሎውሪ። እጆቿ እንደገና ወደ ኋላዋ ሄዱ። «ሰም እንድትለጥፍበት ነበር ያመጣሁላት፤ ከሰም አልፏል። መቆረጥ አለበት።»

«ከትናንት ወዲያ በጥፍር መቁረጫ ሞክሬው ነበር» አለች ትሪና። «ባሰበት።»

«ሲዘጋም ይወጋኛል፣ ሲከፈትም ይወጋኛል» አለች ጆሊን። «ሁለት ዶክተር አጠገቤ ተቀምጦ እኔ አሁንም ያመኛል።»

ዶክተር ፔቲት ቦርሳቸውን ከመኪና እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። አመጣሁ። የታሸገ ሽቦ መቁረጫ ከጓንት ጋር አወጡ፤ ጓንቱን አጠለቁ። ወደ ልጅቷ አፍ ሲጠጉ ነው ያየሁት። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያውም ትንሽ አይደለም። የመቁረጫው ጫፍ ከከንፈሯ ፊት ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። በግራ እጃቸው ቀኙን ያዙት፤ ሁለቱም አብረው ተንቀጠቀጡ። ጆሊን ዓይኖቿን ጨፈነች።

እጃቸውን መለሱ። ለዓይናቸው ሲሉ መንዳት አቆሙ ብዬ ማመኔ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

«ያዢው» አሉና መቁረጫውን ለዶክተር ሎውሪ ዘረጉላት።

አልወሰደችውም።

«ምን ሆነሻል? ያዢው እንጂ! የደቂቃ ሥራ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ነው። ግን ማመልከቻው ላይ "በዚህ ግዛት ያለ ፈቃድ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?" የሚል ጥያቄ አለ። ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ይህን ሽቦ ብቆርጥ፣ ነገ ወይ ልዋሽ ነው፣ ወይ አዎ ብዬ ፈቃዱን ላጣ ነው። ያኔ ጆሊንን የሚጨርስላት ማንም አይኖርም። ሰባት ወር እጄን ያሰርኩት ለዚህ ነው።»

«ሕግ ይህን ማለቱ አይደለም!» አሉ ዶክተር ፔቲት። «ልጅ እየደማች!»

«ማለቱ ነው፣ ዶክተር» አለች። «እርስዎ ነዎት ያለ ፈቃድ መሥራትን የሚከለክለው አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ጠበቅ ይበል ብለው ለፈቃድ ሰጪው ቦርድ የጻፉት። ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ።»

እኔም አንብቤዋለሁ። እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ዶክተር ፔቲት በተዘረጋው እጃቸው ላይ ያለውን መቁረጫ አዩት። ፈቃዱ እሳቸው ጋ ነበር፤ እጁ እሷ ጋ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ድልድዩን አዩ።

«ድልድዩን ለመሻገር ስንት ደቂቃ ነው?»

«አራት» አለች ትሪና። «ግን አለቃዬ የሚሰጠኝ ሩብ ሰዓት ነው።»

«ክሊኒኬ ሩቅ ነው» አለች ዶክተር ሎውሪ፤ «ከድልድዩ ማዶ ግን የጎማ መሸጫው ግቢ አለ።»

አምስታችንም መኪናዬ ውስጥ ገባን። የወንዙ መሃል ላይ የግዛቱን ወሰን ምልክት ስናልፍ ዶክተር ሎውሪ አንድ ጊዜ ብቻ «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ዶክተር?» ብላ በቀስታ ጠየቀቻቸው። አልመለሱላትም።

ከጎማ መሸጫው ፊት ለፊት ቆምኩ። ዶክተር ሎውሪ ጓንት አጠለቀች። ጆሊን በኋላ ወንበር ላይ ራሷን አስደገፈች። መብራት የሚይዝ ሰው አስፈለገ፤ ዶክተር ፔቲት ከቦርሳቸው የእጅ ባትሪ አውጥተው በሁለት እጃቸው ይዘው ክንዳቸውን የመኪናው በር ላይ አስደገፉ። በዚህኛው ዳርቻ እሳቸው ከዚያ በላይ ምንም እንዲሠሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። አንዲት «ቀጭ» የምትል ድምፅ ተሰማች። ሽቦው ወጣ። ጆሊን አፏን ዘጋች፤ ከፈተች፤ እንደገና ዘጋች። ከዚያ አለቀሰች፤ እናቷም አለቀሰች።

ዶክተር ፔቲት ባትሪውን አጥፍተው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። ከዚያ ለዶክተር ሎውሪ እንዲህ አሏት፦

«ተሸነፍኩ ለማለት አልፈልግም፤ ክርክር ቢሆን ኖሮ ገና ብዙ ነበረኝ። ግን አርባ ሦስት ዓመት በሽተኛውን እጠብቃለሁ ብዬ የጠበቅኩት ደጃፌን ነው። አብረሽን ወደ ጉባኤው ትመጫለሽ? ያንን የጨራሹን ነገር አንቺ ጻፊው፤ እኔ አቀርበዋለሁ።»

ትሪናን ወደ ሥራዋ መልሰን ስንወጣ ባቡሩ መንገዱን ለቆ ነበር። ዶክተር ሎውሪ በመንገድ ላይ የማሻሻያውን ሐሳብ በአንድ ገጽ ጻፈችው።

በጉባኤው አዳራሽ ዘጠና አባላት ተቀምጠዋል። የዶክተር ፔቲት ተራ ሲደርስ አዳራሹ አጨበጨበ። ስምንቱን ገጽ ከኪሳቸው አላወጡም።

«ወንድሞቼና እህቶቼ» አሉ፤ «የምናገረውን የምታውቁ ይመስላችኋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ስምምነቱን ደግፉ። ወታደር ያገባች ሐኪም ባሏ በተዛወረ ቁጥር እንደ ጀማሪ እንዳትፈተን ደግፉ። ቤተሰቧ ወንዝ የተሻገረች ልጅ ሽቦዋን ተሸክማ እንዳትቀር ደግፉ። አጥፊ ሰው ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ስሙን አጥቦ እንዳይገባ ደግፉ። የጀመረውን ማን እንደሚጨርስለት ያላስመዘገበ ሰው ግን አይግባ በሉ፤ የዚህን ማሻሻያ ይዤ መጥቻለሁ። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ እዚያ ኋላ የተቀመጠችው የዶክተር ሎውሪ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ ሰው ከመሃል «ኤልስዎርዝ፣ ምን ነካህ? ጥራቱንስ ማን ይጠብቃል?» ብሎ ጮኸ።

ዶክተር ፔቲት ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በሁሉም ፊት ከፍ አደረጉት። እጁ ተንቀጠቀጠ። ከኋላ የተቀመጡት እንዲያዩ ብለው አላወረዱትም።

ሊቀመንበሩ በቀስታ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏቸው።

«ከሁለት ዓመት ጀምሮ» አሉ። «በእነዚህ ሁለት ዓመታት የሥራ ፈቃዴ ሁለት ጊዜ ታድሷል። ቅጽ ተሞላ፣ ማኅተም ተመታ። እጄን አሳየን ያለኝ የለም። እኔም አላሳየሁም፤ ብተው ልጆቹን የሚረከብልኝ ሰው የለም ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር። ሴትየዋ ግን በአራት ደቂቃ ከሚሻገሩት ድልድይ ማዶ ነበረች። እንዳትሻገር በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ቅጹን ሁለቱንም ጊዜ የሞላሁላቸው እኔ እንደሆንኩ እዚህ ላይ መጻፍ ይገባኛል። «ለሥራ የሚያግድ የጤና ችግር አለ?» ለሚለው «የለም» ብዬ የጻፍኩት ሳልጠይቃቸው ነው።

ድምፅ ተሰጠ። ሃምሳ ሦስት ለሠላሳ ሰባት በሆነ ድምፅ ማኅበሩ ስምምነቱን ከነማሻሻያው ደገፈ። ሕጉ በምክር ቤቱ እስኪያልፍ ግን አሥራ አራት ወር ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዶክተር ፔቲት ሥራ አቁመው ነበር። ሁለት መቶ ያህል ልጆቻቸውን በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን አውቶቡስ እያሻገርን ዶክተር ሎውሪ ጋ ወሰድን፤ ጆሊንም አብራ ትሄድ ነበር። መድናቸው የማይሻገርላቸውን ዶክተር ሎውሪ በነፃ ታይ ነበር። ሆኖም በመሃል ያቋረጡ ልጆች አሉ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ የዘገየ ሕግ ዋጋው ይህ ነው።

ዛሬ ዶክተር ሎውሪ በሳምንት ሦስት ቀን ከወንዙ ወዲህ ትሠራለች። ሌሎች ሁለት ሐኪሞችም በስምምነቱ ገብተዋል፤ ሁለቱም ጨራሻቸውን አስመዝግበዋል። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ከሩቅ ግዛት አመልክቶ፣ የታገደበት መዝገብ በዚያው ቀን ስለታየ ሳይገባ ቀርቷል። ጆሊን ሽቦዋ ወልቆላት በቁርስ ቤቷ እናቷን ቅዳሜ ቅዳሜ ታግዛለች። የሌላ ሰው ሥራ አልረከብም የሚለውም ልማድ በማኅበራችን ውስጥ እየተሸረሸረ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶክተር ፔቲት ከጉባኤው በኋላ በነበረው ሳምንት ለልጆቹ ወላጆች ሁሉ በዚያው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ደብዳቤ ጻፉ። የእጃቸውን ነገር ደብቀው እንደቆዩ ነግረው ይቅርታ ጠየቁ። ብዙዎቹ በደግነት መለሱላቸው፤ አንዳንዶቹም ተቆጡ። አንደኛዋ እናት የላከችውን መልስ ይዘው ቤቴ መጡ። ጀምረው መጨረስ አልቻሉም ነበርና እኔ አነበብኩላቸው።

«ዶክተር ፔቲት፣ እኛ እናውቅ ነበር። ልጆቹ ከመጀመሪያው ነግረውናል። መኪና ውስጥ "ዛሬ እጁ እንዴት ነበር?" እያልን እንጠይቃቸው ነበር። ልጄ በእርስዎ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የራሷን እጅ አጥብቃ ትይዝ ነበር። እንዳያፍሩብን ብለን አይደለም ዝም ያልነው። ሌላ የምንወስዳት ቦታ ስላልነበረን ነው።»

ዶክተር ፔቲት ደብዳቤውን አጥፈው ሰጡኝ። ከጉባኤው ቃለ ጉባኤ ጋር ይያያዝ አሉኝ፤ አያይዤዋለሁ።